ሽማግሌ የተላከበት ኩባንያ

የተወለድኩት ትሪቡን ሥር ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ ይሳቅ። በመካኒሳና በላፍቶ መሀል የታክሲ ረዳቶች "እሽቅድምድም ወራጅ አለ?" እያሉ የሚጠሩት ሰፈር ነበር። ስሙን ያገኘው ከመኪና ውድድር ሜዳው ነው። በንጉሡ ጊዜ ግሪኩ፣ ጣሊያኑ፣ አርመኑና የባላባት ልጅ እሁድ እሁድ መኪናውን እያስጮኸ የሚዞርበት አስፋልት፣ ከአስፋልቱ ዳር ደግሞ ተመልካች የሚቀመጥበት የሲሚንቶ ደረጃ ነበረ፤ ትሪቡን የምንለው እሱን ነው። አባቴ እዚያ መካኒክ ነበር። ደርግ ሲመጣ ግማሹ መኪና ተወረሰ፣ የግማሹ ባለቤት አገር ጥሎ ሄደ፣ ሜዳውም የወታደር ካሚዮን ማቆሚያ ሆነ። ሠራተኞቹ ከትሪቡኑ ሥር ያሉትን የጎማና የዘይት ክፍሎች ከቀበሌ ተከራይተው ወልደው ከበዱባቸው።

ጣሪያችን ደረጃ ነው። በበሩ በኩል ትልቅ ሰው እጁን ቢዘረጋ አይደርስበትም፤ ወደ ጓዳ በገባህ ቁጥር ግን ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ ይልና መጨረሻው ላይ ሕፃን ልጅም ተንበርክኮ ነው የሚገባው። እኛ ስናድግ አልጋችን ወደ በሩ ይጠጋል። አባቴ ያን ሁሉ ዓመት ኖሮበት አናቱን መጋጨት አልተወም። በተጋጨ ቁጥር "ይቺ ቤት ሥርዓት ልታስተምረኝ ነው" ይላል። ሽታው የአሮጌ ዘይት ነው፤ ልብስ ቢታጠብም አይለቅም። ትምህርት ቤት "ናፍጣ" እያሉ ይጠሩኝ ነበር። ቢሆንም ቤቴ ነው፤ እወደው ነበር።

አባቴ ሁለት ሥራ ነበረው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከበራችን ፊት የሰው መኪና ይፈታል፤ እሁድ የሰው ጠብ ይፈታል። ባልና ሚስት፣ ድንበርተኛ፣ አከራይና ተከራይ፣ ማን ያልጠራው አለ? ከመካኒሳ እስከ ሀና ማርያም ሽማግሌ ከተባለ እሱ ነው። እኔ ደግሞ የምተዳደረው ወረዳ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ በታይፕ እየመታሁ ነበር። "አንተ ባስታረቅህ ቁጥር እኔ ጾሜን አድራለሁ" እያልኩ አሾፍበታለሁ። "የሰው ጠብ የሚበላ ሰው አይወፍርም" ይለኛል። ያኔ እንስቅ ነበር።

መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመት ውስጥ ሜዳው ተሸጠ። ያኔ ያልተሸጠ ምን ነበር? የገዛው አክሲዮን ማኅበር ነው አሉን። ቀበሌ አዳራሽ ሰበሰቡንና ከካርቶን የተሠራ ማኬት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው አሳዩን። አዲስ አስፋልት፣ ሆቴል፣ መዋኛ፣ ኩርባው ላይ ደግሞ ጥፍር የምታክል ቀይ መኪና ተለጥፋለች። ውድድሩ ይመለሳል አሉ። አባቴ ጎንበስ ብሎ ያቺን መኪና ሲያይ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

"ኩርባውን አልነኩትም፤ እንዳለ ትተውታል" አለኝ በሹክሹክታ።

"አባዬ፣ እስቲ በራችንን ፈልግልኝ" አልኩት።

ትሪቡኑ ሥር በመስታወት የተሠራ ካፌ ነበር። ያ ሁሉ ቤተሰብ በሚኖርበት ቦታ ላይ ጃንጥላና ወንበር ደርድረዋል። አባቴ አየ፤ ከዚያ ዓይኑን መልሶ መኪናዋ ላይ ጣለ። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ይባል የለ? እንደዚያ ቀን ተናድጄበት አላውቅም።

ስብሰባው ሲያልቅ ቅሬታ ያለው ሰው እስከ አንድ ወር ድረስ በጽሑፍ ያቅርብ ተባለ። ከእኛ ቀጥሎ ባለው ክፍል ባሏ ጦር ሜዳ የቀረባት ሴት ከሁለት ልጆቿ ጋር ትኖር ነበር። ጨው፣ ሻማና ላምባ ስለምትቸረችር ባለሱቋ እንላታለን። በማግስቱ ጠዋት መጣችና በራችን ላይ ቆመች።

"አንቺ ልጅ፣ ያን ታይፕሽን አምጪው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ሞኞቹ እኛው አለን፤ የጎደለው ወረቀቱ ነው" አለችኝ።

ሳቄ አመለጠኝ። ምትክ ሳይሰጠን ቤታችን አይፍረስ፣ ፍርድ ቤቱም እግድ ይስጠን የሚል ማመልከቻ መታሁ፤ ሰዉ ሁሉ ፈረመ። የቀረው አባቴ ነበር፤ እሱ ካልፈረመ ደግሞ የሰፈሩ ጉዳይ አይመስልም። እሱ ግን ወረቀቱን አንብቦ መለሰልኝ።

"ከሰው ጋር ሳትነጋገሩ ትከሳላችሁ እንዴ? ክስ ከቀደመ ሆድ ይሻክራል። መጀመሪያ ሽማግሌ ይሂድ።"

"ማን ዘንድ? ኩባንያ እኮ ነው፣ አባዬ!"

"ኩባንያውን የሚያዘው ሰው አይደል? ሰው ከሆነ እናት ወልዳዋለች።"

ባለሱቋ እኔን አየች፣ እሱን አየች። "ጋሼ ካሉ ይሁን። እርስዎን ማን እምቢ ብሎ ያውቃል?" አለች። እውነቷን ነው፤ እስከዚያ ቀን እምቢ ያለው ሰው አልነበረም።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሆነው ሄዱ፤ አባቴ፣ አንድ ቄስ፣ እንዲሁም ከደቡብ መጥተው መካኒሳ የሚኖሩ አንድ የጴንጤ ሽማግሌ። ሴት ለሽምግልና አትላክም፤ ልሸኛችሁ ብዬ እስከ ሥራ አስኪያጁ ግቢ ድረስ ተከተልኳቸውና ከዘበኛው ጋር በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። በረንዳው ከበሩ ይታያል፤ ድምፁም ይሰማል። ሥራ አስኪያጁ ገና ወጣት ነው። ሦስቱን ሽማግሌዎች ሲያይ በካልሲው እየሮጠ ወጥቶ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ። እነሱ እንደ ወጉ አንቀመጥም ብለው ቆሙ።

"ልጄ፣ የመጣንበትን ሳትሰማን አንቀመጥም" አለ አባቴ።

"አባቶቼ፣ ምንም ይሁን ምን እሺ ብያለሁ። ብቻ ተቀመጡልኝ!"

ተቀመጡ፤ ነገሩት። ሰማቸው። ከዚያ በግልጽ እንዲህ አለ፤ "ለሁሉም ሰው ምትክ ቤት ሳላሠራ ከትሪቡኑ አንድ ድንጋይ አይነሳም። እኔም አንድ ነገር ልለምናችሁ። ክስ አታቅርቡ። አለቆቼ ክስ ካዩ እኔ አቅም አይኖረኝም።" ቄሱ መረቁት፤ ጴንጤው ሽማግሌ ደግሞ በራሳቸው መንገድ ጸለዩለት። ምሳ ቀረበ። በገዛ እጁ እየጠቀለለ ሦስቱንም አጎረሳቸው። ለእኔና ለዘበኛውም በሳህን ተላከልን። ሰውየው የዋሸ አይመስለኝም፤ እስከ ዛሬም አይመስለኝም። ነገሩ ሁሉ የሚያንገበግበኝ በዚህ ነው።

ሰፈር ስንደርስ እልልታው ቀለጠ። አባቴ ማመልከቻውን ተቀበለኝና የመፍቻ ሣጥኑ ውስጥ ከተተው። ወሩ እየገፋ ሲሄድ እኔ መጨቅጨቅ ጀመርኩ። "ክስ ባይሆን እንኳ ቅሬታውን ብቻ እናስገባው፤ ማን ይጎዳል?" እለዋለሁ። "የበላሁበትን ወጭት ልሰብር?" ይለኛል። "ሰውየው እጁን ዘርግቶ አጉርሶኛል። ነገ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?" ባለሱቋም ጋሼን አታስቸግሪው ብላ ተቆጣችኝ። ወሩም አለፈ።

መስቀል እንዳለፈ አንድ ጠዋት በየበራችን ላይ በቀይ ቀለም የኤክስ ምልክት ተደርጎ አገኘነው። አባቴ ጋቢውን ደርቦ ወጣ፤ በዚህኛው ጊዜ እኔም አብሬው ኩባንያው ቢሮ ገባሁ። ያ ወጣት የለም። ተነሥቷል አሉን። ለእኛ ሲሟገት ነው የተነሣው የሚል ነበረ፤ አይ፣ ተሹሞ ውጭ አገር ሄደ የሚልም ነበረ። በቦታው የተተካው ሰውዬ ሻይ አዘዘልን፤ እሱም ጨዋ ነው።

"አባት፣ በግሉ ቃል ገብቶላችሁ ይሆናል። በድርጅቱ ስም የገባው ነገር ግን ፋይሉ ላይ የለም። ቅሬታስ አቅርባችሁ ነበር?" አለ።

"ቃሉን የሰጠው ለሦስት ሽማግሌ ነው" አለ አባቴ።

"ገብቶኛል። ቅሬታ ግን አላቀረባችሁም።"

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ! አባቴ ከወንበሩ ተነሥቶ፣ በልጁ ዕድሜ ካለ ሰው ጉልበት ላይ ሊወድቅ ጎንበስ ማለት ጀመረ። ሰውየው ደንግጦ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋው። "ኧረ ይህ አያስፈልግም! ውሳኔው የእኔ አይደለም፤ የቦርዱ ነው" አለ። አባቴን በብብቱ ደግፌ አወጣሁት። መንገድ ላይ ብዙ ሄድን። መካኒሳ አደባባዩ ጋ ስንደርስ ቆመና ዞረብኝ።

"ይኼ ቦርድ የሚሉት ቤቱ የት ነው?" አለኝ።

"ቤት የለውም፣ አባዬ።"

"ስንት ሰው ነው?"

"አላውቅም።"

"ከስንቱም ቢሆን አንዱ ሰፈር ይኖረዋል። አንዱ እንኳ ንስሐ አባት ይኖረዋል" አለ።  እጁን ይዤ መንገዱን አሻገርኩት።

ዶዘሩ የመጣ ቀን ዕቃ ለማውጣት ጊዜ ሰጡን፤ ውሸት አልናገርም። ሲሚንቶው ግን ጠንካራ ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ ሲደበድበው ዋለ። ከሰዓት በኋላ ጣሪያችን ከላይ ወደ ታች ደረጃ በደረጃ ወረደ፤ ያደግሁበት ጓዳ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፀሐይ ገባ። አንዱም ጎረቤት አባቴን ክፉ ቃል አልተናገረውም። ቢሰድቡት ይሻል ነበር። ባለሱቋ እንኳ የላምባ በርሜሏን እያንከባለለች ስታልፍ "አይዞዎት፣ ጋሼ" አለችው።

የወሰዱን ከላፍቶ ወዲያ፣ ወደ ሀና ማርያም በሚወስደው በኩል፣ ትናንት ጤፍ የታጨደበት ጥቁር አፈር ላይ ነው። ውሃ የለ፣ መብራት የለ። የባሕር ዛፍ አጠና አቁመን ሸራ ወጠርንበት። ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ ያወልቃል፤ አልጋችንን ድንጋይ ላይ ሰቀልነው። በዚያ ክረምት የባለሱቋ ትንሿ ልጅ ሳንባዋን ታመመች። አባቷን ያላወቀች፣ ገና ፊደል የጨረሰች ልጅ ነበረች። ታክሲ እስከሚወጣበት መንገድ ድረስ በጭቃው ውስጥ በቃሬዛ ተሸክመን ወሰድናት፤ ከሐኪም ቤት ሬሳዋን ይዘን ተመለስን። ቀብሩ ላይ አባቴ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆመ። ወትሮ እዝን ቤት ፊተኛው ወንበር የእሱ ነበር፤ ያን ቀን ደጅ ላይ ተቀምጦ ዋለ፤ ማንም ግባ አላለው፣ ማንም ውጣ አላለው።

ውድድሩም እንዳሉት ተካሄደ። በአጥር የታጠረው አስፋልት ላይ መኪኖቹ ሲዞሩ ነፋስ ድምፁን እኛ ዘንድ ድረስ ያመጣው ነበር። አባቴ በሸራው በር ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጆሮውን አቀና። "ሦስተኛ ማርሽ ገባ" አለ ለብቻው። "ኩርባው ጋ ደረሰ፤ አሁን ይቀንሳል። ጎሽ!" ፊቱ ላይ ያየሁትን ደስታ አልረሳውም፤ አስጠላኝ። ተነሥቼ ሬዲዮኑን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። እሱም በርጩማውን አንሥቶ ወደ ውስጥ ገባ።

ከዚያ በኋላ ለሽምግልና የሚጠራው ሰው ሲመጣ ወገቤን ነው፣ እግሬን ነው ይል ጀመር። ሰዉም እየተወው ሄደ። ዓመት እንዳለፈ የባለሱቋ ትልቁ ልጅ ታክሲ ተራ ላይ ከአንድ ሰው ጋር ተጣልቶ ጥርሱን አወለቀውና ታሰረ። ጥርሱ የወለቀው ሰውዬ የሀና ማርያም ሰው ነው፤ አባቴን ያውቀዋል፤ ድሮ ከወንድሙ ጋር ያስታረቀው እሱ ነው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሳይሄድ ሽማግሌ ቢደርስ ሰውየው ሳይለሳለስ አይቀርም ተባለ።

ባለሱቋ በጠዋት መጣች። ልጇን ከቀበረች ወዲህ ደጃችንን ረግጣ አታውቅም። ገብታ አልተቀመጠችም፤ የአባቴን ጋቢ ከሚስማሩ ላይ አውርዳ በሁለት እጇ ያዘችው።

"ጋሼ፣ ይነሡ። ይህን ይልበሱና እንሂድ።"

አባቴ አልተነሣም። "ሌላ ሰው ውሰጂ፣ እህቴ" አለ።

"ሌላ ሰው አልፈለግሁም። ሰውየው የሚያከብረው እርስዎን ነው። ለመሆኑ እኔ ያለፈውን አንድ ቀን አንስቼብዎት አውቃለሁ?"

"አላነሳሽም።"

"ታዲያ?"

 የፈነዳሁት እኔ ነኝ። "ቤቷ ፈርሶ፣ ልጇን ቀብራ፣ ይኸው እግርህ ሥር መጥታ ቆማለች! አንድ ልጅ ነው የቀራት! ምን አለበት ብትሄድላት? ቢበዛ እምቢ ይልሃል። እምቢ ቢልህ ትሞታለህ?"

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ፤ አልተቆጣም።

"እምቢ ካለኝማ ደግ ነው" አለ። "ተመልሼ እምቢ አለ እላታለሁ፤ እሷም ሌላ መላ ትፈልጋለች። እንደዚያ ወጣት እሺ ያለኝ እንደሆነስ?"

ባለሱቋ ጋቢውን አጣጥፋ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠችና ብቻዋን ወደ ፖሊስ ጣቢያው ወረደች።