ቤዛ «ግድ የለም» ስትል

ከአገሬ የወጣሁ ዕለት ልጄን አልተሰናበትኳትም። ይህን መጀመሪያ ልንገራችሁ፤ ሌላው ከዚያ በኋላ ይቀልለኛል። አውሮፕላኑ ማታ ቢሆንም ከአዳማ የምንነሳው ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ነበርና፣ ታላቅ እህቴ አስቴር ቤዛን አቅፋ «ዶሮዎች እናያለን» ብላ ጎረቤት ቤት ወሰደቻት። ሁለት ዓመት ከመንፈቋ ነበር። እኔ ሻንጣዬን ይዤ በጓሮ በር እንደ ሌባ ወጣሁ። ዶሮዎቹን ስታባርር ሳቋ ከአጥሩ ማዶ ይሰማኛል። ዞሬ ብስማት እንደማልሄድ አውቃለሁ፣ አስቴርም ታውቃለች፤ የወሰደቻትም ለዚያ ነው። ደላላው መኪናው ውስጥ ሆኖ ጡሩምባ ይነፋል። ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ዐረብ አገር የሚሄድ ሰው ሁሉ የሚለው ያንኑ ነው።

ስለ ዱባይ ብዙ አላወራም፤ የሄዳችሁበት ታውቁታላችሁ፣ ያልሄዳችሁት አትሂዱ። ሦስት ዓመት ከሠራሁ በኋላ አሠሪዎቼ አሮጊቷን እናታቸውን ለጉልበት ሕክምና ፍራንክፈርት ሲያመጡ እኔንም ይዘውኝ መጡ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መድኃኒት ግዢ ተብዬ ተላክሁ። ገዛሁ፣ ሆቴሉ መግቢያ ላይ ላለው ሰውዬ «ለወይዘሮዋ ስጥልኝ» ብዬ አስረከብኩና በዚያው ወጣሁ። አሮጊቷ ክፉ አልነበሩም፤ መድኃኒታቸውን ይዤ ብጠፋ ዕድሜ ልኬን ይቆጨኝ ነበር። ባንሆፍስፊርቴል በሚሉት የባቡር ጣቢያው ሰፈር ውስጥ የሐበሻ ፊት እየፈለግሁ ስዞር ውዬ መሸ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ካምፕ፣ ወረፋ፣ ማመልከቻ፣ ደግሞ ካምፕ ነው። በመጨረሻ ወረቀት አገኘሁ፣ ኦስትሃፈን ወደብ አጠገብ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ዕቃ ማሸግ ጀመርኩ፣ ወዲያውም ልጄ ትምጣልኝ ብዬ አመለከትኩ።

የቀጠሮዬ ቀን ደርሶ የውጭ ዜጎች ቢሮ ስገባ ሰውየው ዓይኑን ከወረቀቱ አላነሳም።

«ልጅቷ በኤምባሲው ቃለ መጠይቅ የእናቷን ስም አስቴር ብላለች።»

«አስቴር እህቴ ናት።»

«እናትየውስ ማን ናት?»

«እኔ ነኛ።»

«ልጅቷ እንደዚያ አላለችም።»

ልጅቷ አልዋሸችም። ያሳደገቻት፣ ኩፍኝ ሲወጣባት አብራት ያደረች፣ ትምህርት ቤት ያስገባቻት አስቴር ናት፤ «እማዬ» የምትላትም እሷን ነው። እኔ በስልክ ውስጥ ያለሁ፣ ጫማ የምልክ ሴትዮ ነኝ። እና የዲ ኤን ኤ ምርመራ ታዘዘ፤ እሷ አዲስ አበባ እኔ እዚህ ሆነን ጉንጫችን ውስጥ ጥጥ አዞሩልን። ውጤቱ ሲመጣ ያው ሰውዬ ተነስቶ ጨበጠኝና «እንኳን ደስ አለዎት፣ እናት ነዎት» አለኝ። ስምንት ዓመት ዘግይቶም ቢሆን አመሰገንኩት።

ቤዛ ዘጠኝ ዓመት ሞልቷት መጣች። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ሮጬ ሳቅፋት ቀጥ ብላ ቆመች፣ ከዚያ እጇን ዘረጋችና «እንደምን ነዎት?» አለችኝ። አስቴር አሳምራ ነው ያሳደገቻት። ለእንግዳ ሰው እንደሚገባው «እርስዎ» አለችኝ፤ ቤትም ገብተን «እርስዎ»፣ ሳምንትም አልፎ «እርስዎ»። አከራዬ ደረጃ ላይ አግኝቶኝ ልጅቷ ትጮኻለች ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ኧረ እንዲያውም አትናገርም አልኩት። «በጣም ጥሩ» አለ። በሬን ዘግቼ አለቀስኩ።

ያን ጊዜ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ልጄ እማዬ እንድትለኝ። በየቀኑ እሞክራለሁ። ልጨምርልሽ ስላት «ግድ የለም፣ በቃኝ»። ፀጉርሽን ልሥራሽ ስላት «ግድ የለም፣ ራሴ እሠራዋለሁ»። ከእኔ ጋር ትተኛለሽ ስላት «ግድ የለም»። የአዳማ ልጅ ናትና ብዬ ፓፓያ ገዛሁላት፤ በፕላስቲክ የተጠቀለለ፣ ሳሙና ሳሙና የሚል ነገር። እሱንም «ግድ የለም» አለች፤ እዚህ ላይ እንኳ አልፈርድባትም። የትምህርት ቤቷ አማካሪ አትጫኛት፣ አይ ስትል አክብሪላት፣ ጊዜ ስጫት አለችኝ። እኔም እሺ ብዬ ጊዜ ሰጠኋት። ጥቅምት አለቀ፣ ኅዳር ገባ፤ የአዳማ ሰው ፀሐይን ሲሸሽ ይኖራል፣ እዚህ ደግሞ ከሥራ ስወጣ ፀሐይዋ ቀድማኝ ወጥታ ሄዳለች።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ቢጫ ወረቀት ይዛ መጣች። ጀርመንኛዬ የመጋዘን ጀርመንኛ ስለሆነ፣ ረጅም ወረቀት ሲመጣ ከታች ያሉት ጋሽ ሙሉጌታ ዘንድ ነው የምወስደው። በወጣትነታቸው ለትምህርት መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በሰፈራችን ቢብሊዮቴክ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ፣ በየረቡዑ ከሰዓት ልጆችና ወላጆች የእጅ ሥራ ይሠራሉ፣ ወረቀት መቁረጥ፣ መለጠፍ፣ ቀለም መቀባት፣ ባስተልን ይሉታል፣ በነጻ ነው አሉኝ። የምን ነጻ ነው አልኳቸው። ከኋላው ትንንሽ ጽሑፍ የለውም ወይ፣ በኋላ የክፍያ ደብዳቤ አይመጣም ወይ?

«ብርቄ፣ ነጻ ነው አልኩሽ» አሉ መነጽራቸውን እያወለቁ። «ሃምሳ ዓመት ስኖር ያለ ደብዳቤ ያየሁት ነገር ይሄ ብቻ ነው፤ ሂጂበት።»

ሄድን። መደርደሪያዎቹ መካከል ረጅም ጠረጴዛ ዘርግተው፣ ወንበሮቹ ሁሉ የልጅ፣ ማጣበቂያው በትልቅ ገንቦ። የምትመራው ፍራው ኬለር የምትባል፣ ሽበቷን አጭር የተቆረጠች ሴት ናት፤ ጣቶቿ ሁልጊዜ ቀለም ናቸው። ወደ እኛ መጥታ መሥራት እንፈልግ እንደሆነ ጠየቀችን። እኔ «ናይን ዳንከ»፣ አይ አመሰግናለሁ፤ ቤዛም «ናይን ዳንከ»። «እሺ» ብላ ፈገግ አለችና ሄደች። ዳር ተቀምጠን፣ ካፖርታችንን እንኳ ሳናወልቅ፣ ሰው ሲሠራ አይተን ወጣን። በሁለተኛው ረቡዕም እንደዚያው። እንዳትስቁብኝ፤ ከሁለተኛው በኋላ ተናድጄ ነበር። ምን ዓይነት ሰው ነው አንዴ ጠይቆ የሚሄደው እያልኩ መንገዱን ሁሉ በሆዴ ተሳደብኩ።

በሦስተኛው ረቡዕ ፋኖስ ነበር የሚሠሩት። እዚህ በኅዳር ልጆች በእጃቸው የሠሩትን ፋኖስ ይዘው ሲመሽ በሰልፍ እየዘመሩ ይሄዳሉ። ፍራው ኬለር የክብ አይብ ባዶ ካርቶኖችና ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ባለ ቀለም ወረቀት ይዛ መጣች፣ ቤዛ ፊት ጎንበስ ብላ ጠየቀቻት። «ናይን ዳንከ» አለች ልጄ። ሴትየዋ «እሺ» ብላ ዞረች።

ያኔ የቤዛን እጅ አየሁት። ቀኝ እጇ ከካፖርቷ ኪስ ወጥቶ ሊቀበል ተከፍቷል። አፏ አይ ሲል እጇ ሰማያዊውን ወረቀት እየጠበቀ ነበር። ሴትየዋ ስትሄድ ቀስ ብላ መልሳ ከተተችው።

የእኛ ሰው ይህን እጅ ያውቀዋል። እንብላ ሲሉን በልቼ ነው የመጣሁት እንላለን፣ ቁጭ በሉ ሲሉን ቸኩያለሁ እንላለን፣ ያሳደገን ሰው እንደዚያ አስተምሮናል፤ ቶሎ እሺ ያለ ልጅ ስግብግብ ነው፣ ቤቱን ያሰድባል። ጠያቂውም ያውቃል። አፈር ስሆን ይላል፣ በሞቴ ይላል፣ ካስፈለገም እጅ ይጎትታል፣ በመጨረሻ እንግዳው ወግ ደርሶለት ይበላል። በጀርመንኛ ግን አንዱን በሞቴ ብላ ብትለው አምቡላንስ ይጠራልሃል። ልጄ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሁለተኛውን ጥያቄ ስትጠብቅ ነበር።

ፍራው ኬለርስ አታውቅም፤ እኔስ? አንዴ ጠይቄ፣ ግድ የለም ስትለኝ እሺ ብዬ፣ ሳህኑን አነሳለሁ፣ ማበጠሪያውን አስቀምጣለሁ፣ መብራቱን አጠፋለሁ። ጊዜ ሰጠኋት ብዬ ስኮራ ከርሜያለሁ። ልጅቷ እኮ ሰው ቤት በእንግድነት ተቀምጣ፣ የቤቱ እመቤት አንድም ቀን በሞቴ ያላለቻት፣ ሦስት ወር።

ተነስቼ ፍራው ኬለር ዘንድ ሄድኩ።

«ይቅርታ፣ እንደገና ይጠይቋት።»

«አይ ብላለች እኮ። እኛ ልጅ አናስገድድም።»

«አያስገድዷት፣ ይጠይቋት። ሦስት ጊዜ። በእኛ የመጀመሪያው አይ ጨዋነት ነው። ሦስተኛውን አይ ካለች እውነቷን ነው።»

ትንሽ አየችኝ፣ ከዚያ እንደ ቁም ነገር ይዛው ሄደች። ጠየቀቻት፤ ቤዛ አይ አለች። ደግማ ጠየቀቻት፤ ቤዛ ወደ እኔ ዞር ብላ አየች፣ ቀስ ብላ አይ አለች። ፍራው ኬለር ከጀርባዋ ሁለት ጣት አሳየችኝ፣ እንዳትሳሳት ትቆጥራለች። በሦስተኛው ቤዛ በጀርመንኛ «ትንሽ ብቻ» አለችና ካፖርቷን አወለቀች።

ሴትየዋ ወደ እኔ ዞረች፤ «እርስዎስ?» ከአፌ ያመለጠኝ «ናይን ዳንከ» ነው። እሷም አንድ ጣቷን አነሳች። ቤዛ አፏን በእጇ ከድና ሳቀች። የልጄን ሳቅ ከአጥር ማዶ ሳይሆን አጠገቤ ስሰማ ከስድስት ዓመት በላይ ሆኖኝ ነበር። ጉልበቴ አገጬን እየነካ ትንሿ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እሷ ስትቆርጥ እኔ እይዛለሁ፣ እኔ ስለጥፍ እሷ ታርመኛለች። መቀስ አያያዜን አይታ «እንደዚህ አይደለም፣ ስጪኝ» አለችኝ። ራሷ ልብ አላለችውም፤ እኔ ግን «አንቺ» መባሌን ሰምቼ መቀሱን ሰጠኋት።

የዚያን ዕለት እራት ከበላን በኋላ ማበጠሪያውን ይዤ ተቀመጥኩ። ፀጉርሽን ልሥራሽ አልኳት።

«ግድ የለም።»

«ልሥራሽ።»

«ይደክምዎታል፣ ሥራ ውለው።»

«በሞቴ።»

መጥታ ጉልበቶቼ መካከል ተቀመጠች። አስቴር የከፈለችው መስመር አሁንም ራሷ ላይ አለ፤ እሱን ተከትዬ ሠራኋት። ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር አማረ አልላችሁም። ሦስተኛውም አይ እውነተኛ አይ የሚሆንበት ቀን አለ፤ ያን ጊዜ ትራሷን አቅፋ አዳማ ልሂድ እያለች ታለቅሳለች፣ እኔም በሯ ላይ ቁጭ እላለሁ። ረቡዕ ረቡዕ ግን ቢብሊዮቴክ አንቀርም። ፍራው ኬለርም አዲስ ልጅ አይ ሲላት መለስ ብላ መጠየቅ ጀምራለች።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አስቴር ጋ በቪዲዮ ደወልን። ቤዛ ፋኖሱን ስልኩ ፊት አዞረችላት፣ ሰማያዊው የት እንደሆነ፣ ቢጫው የት እንደሆነ አሳየቻት።

«ውይ ሲያምር፣ እማዬ ትሙትልሽ» አለች አስቴር። «ማን ሠራልሽ?»

«እኔና እማዬ ነን የሠራነው።»

ሳታስበው ነው ያለችው፤ ወዲያው ፋኖሱን ልትሰቅል ወደ መስኮቱ ሄደች። ስንት ዓመት የጠበቅኩት ቃል ነበር። ሲደርስልኝ ግን የእህቴን ፊት እያየሁ ነው የደረሰኝ። አስቴር ነጠላዋን አስተካከለች፣ ወደ ጎን የሆነ ነገር አየች፣ ተመልሳ ፈገግ አለችልኝ።

«ሰማሽ?» አልኳት።

«ሰማሁ፤ እሰይ። ደስ ብሎኛል።»

«እውነት ደስ ብሎሻል?»

«አዎ፣ በጣም» አለች። ደግሜ አልጠየቅኳትም።