ከጣሳው ሥር የተጫረችው ጨረቃ

ምናለሽ ተራ ባዶ ጣሳ የሚያጥብ ሞልቷል፤ እንደ ጎረቤቴ እንደ ሐዋ የሚያጥብ ግን የለም። ከቆራሌዎች ትገዛለች፣ በአመድና በሙቅ ውኃ ትፈትጋለች፣ ከዚያ ከሥሩ በምስማር ትንሽ ጨረቃ ትጭርበታለች። አንዴ አንድ ደንበኛ ከሌላ ሰው የገዛውን የዛገ ጣሳ ይዞ መጥቶ «ያንቺ ነው» ብሎ ስለተጣላት የጀመረችው ነው። በሥራዋ ኩሩ ናት።

ባህረዲን የባሏ የጠሀ አብሮ አደግ ነው፤ ሶማሌ ተራ ሱቅ አለው። ከእሷ የሚገዛው ክዳኑ ያልተጣመመ፣ ጽሑፉ ያልለቀቀ የዱቄት ወተትና የሕሙማን ምግብ ጣሳ ብቻ ነበር። «ለቅመም ነው» ይላታል። ዒድን አብሯቸው የሚውል ሰው እንዴት አይታመን?

ጠሀን ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ጋ ሚኒባስ ገጨው። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገብቶ በአፍንጫው የምግብ ቱቦ ተደረገለት። ሐዋ አጥሚት ይዛ ሄደች። የምግብ ባለሙያዋ መቅደላዊት ግን «እትዬ ሐዋ፣ አጥሚቱ ሆዱን ይሞላል። በአፉ የሚቀምሰው ነገር ስለሌለ ግን ቫይታሚኑም፣ ብረቱም፣ ዚንኩም በዚሁ ቱቦ መግባት አለበት» ብላ ሁሉንም አሟልቶ የያዘ ዱቄት እንድትገዛ ነገረቻት። መድኃኒት ቤቶቹ «አልቋል» አሏት። እሱ ጋ የታሸገ ዱቄት አይጠፋም ብለን እኔና እሷ ባህረዲን ጋ ሄድን።

«ለጠሀ? ወላሂ ኦርጅናሉን ነው የምሰጥሽ» አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ አይቻለሁ።

ከዚያ በኋላ ነርሷ ዱቄቱን በጥብጣ በሰጠችው ቁጥር ሐዋ ጆሮው ሥር ጎንበስ ትላለች። «ባህሩ ነው ያመጣልህ፣ አይዞህ» ትለዋለች።

ሳምንታት አለፉ። የጀርባው ቁስል አልሽር አለ፤ ድዱም መድማት ጀመረ። መቅደላዊት ግራ ገባት። «ልኩን እየወሰደ እንዲህ መሆን አልነበረበትም። እስኪ ጣሳውን ያምጡልኝ» አለች። የማብቂያ ቀኑን ለማየት ስትገለብጠው ጨረቃዋ ከሥሩ አለች።

ሐዋ አላለቀሰችም። «በገዛ እጄ አጥቤ ሰጠሁት» አለችኝ ታክሲ ውስጥ።

ባህረዲን ሱቁ ሄደን ስንጠይቀው አልካደም፤ ከሁሉም ያንገበገበኝ አለመካዱ ነው።

«ወተትና ስኳር ነው፣ ሐዊዬ። መርዝ አይደለም።»

«ለጠሀ መሆኑን ታውቅ ነበር።»

ሐዋ ከዚያው ጣሳውን ይዛ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። በማግስቱ ፖሊስ ሱቁን አሸገው።

እውነተኛውን ዱቄት መቅደላዊት ራሷ አፈላልጋ አገኘችልን፤ ቁስሉም ቀስ በቀስ ይገጥም ጀመር። ሐዋ ጨረቃ መጫር ትታለች። በዚያው ምስማር አሁን የጣሳውን ሥር ትበሳዋለች፤ አበባ ከሚተክል ሰው በቀር የሚገዛት የለም። ባህረዲን ሥራዋን ጭምር ነው የቀማት።

ቱቦው የወጣለት ዕለት ጠሀ ድምፁ እስኪከፈት ጠበቅነው። ሐዋ እጁን ይዛ ነበር።

«ባህሩስ?» አለ። «ምግቡን እሱ እንደሚያመጣልኝ ስትነግሪኝ እሰማ ነበር። ጥሪልኝ፤ ላመስግነው።»

ሐዋ ያን ጊዜ አለቀሰች።