የሰኞዋ ቀሪ

ባለፈው ሳምንት እዚህ መካነ ሰላም ትምህርት ተዘግቶ ዋለ። ምክንያቱን ብትሰሙ ትስቃላችሁ፤ ተማሪዎች ከትምህርት እየቀሩ አስቸገሩ ተብሎ ስብሰባ ተጠርቶ ነው! አዳራሹ ባዶ እንዳይሆን ልጆቹን ከየክፍላቸው አውጥተው ከኋላ ወንበር ኮለኮሏቸው። እኔንም ጡረተኛ አስተማሪ ናት ብለው ከፊት አስቀመጡኝ። ሦስት ሰዓት ይጀመራል የተባለው ስብሰባ አምስት ሰዓት ላይ ሰብሳቢው ጎርደድ ጎርደድ እያለ ሲገባ ተጀመረ። ይቅርታ እንኳ አላለም። የታሸገ ውሃውን ከፍቶ ጎንጨት አለና፣ «ልጁን ከትምህርት ያስቀረ ወላጅ ወንጀለኛ ነው፤ ይታሰራል!» አለ። ተጨበጨበለት። የኔ እጅ ግን አልታዘዝ አለኝ። ይህንኑ ቃል ልጅ ሳለሁ እዚሁ ከተማ ሰምቼዋለሁ፤ ያኔ ከሁሉ አስበልጬ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ።

ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ፤ የክፍል አለቃ። ጠመኔ አመጣለሁ፣ ሰሌዳ አጠፋለሁ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የቀሪ ስም እጽፋለሁ። የአባቴ ሱቅም ቤታችንም ከትምህርት ቤቱ አጥር አጠገብ ስለነበር፣ ደወሉ ሲደወል ቁርሴን እያላመጥኩ ብወጣ እንኳ እደርሳለሁ። ይህንንም እንደ ጉብዝና ቆጥሬው አረፍኩ! ደጃፉ ላይ ያደረ ሰው ሰዓት አክባሪ ነኝ ሲል ከመስማት የባሰ የሚያሳፍር ነገር አላውቅም።

አጠገቤ የምትቀመጠው ዘሃራ ነበረች። ቤተሰቦቿ ከወንዝ ማዶ ቆላው ውስጥ ናቸው። እሷ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ከተማ ውስጥ ጠባብ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። አርብ ከትምህርት ስንወጣ ወደ አገሯ ትወርድና እሁድ የሳምንት ስንቋን አዝላ ትመለሳለች፤ በሶ፣ ድርቆሽ፣ የሽንብራ ቆሎ። በእረፍት ሰዓት ከቆሎዋ እየዘገነች ትሰጠኝ ነበር። ሂሳብ ሲያቅተኝም የምታስረዳኝ እሷ ነበረች። መስከረም ላይ ግን ወንዙ ገና አይጎድልም። እሁድ ከሞላ፣ እስኪያሻግር ድረስ ማዶ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። ስለዚህ የማዶ ልጆች ሰኞ ሰኞ ይቀራሉ። ይህን የማያውቅ አልነበረም።

በዚያ ዓመት ግን አንድ ኮሚቴ ተቋቋመ። ያን ወንዝ በእግራቸው ተሻግረው የማያውቁ ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠው፣ ሦስት ቀን የቀረ ተማሪ ወላጁ ይታሰር ብለው ወሰኑ። ዳይሬክተሩ ውሳኔውን ሰልፍ ላይ አነበበልንና፣ «የክፍል አለቆች፣ አደራ!» አለ። ያን ለት ቁመቴ በስንዝር የጨመረ መሰለኝ።

ዘሃራ ሁለት ሰኞ ቀረች። በሦስተኛው ሰኞ ረፋድ ላይ ከክፍሉ በር ደረሰች፤ እስከ ወገቧ ርሳ፣ ጭቃ በጭቃ ሆና። ስልቻዋ ውሃ ገብቶበት በሶው ተበጥብጦ ይንጠባጠባል። አጠገቤ ተቀመጠችና ወረቀቱን አየች። ስሟን በቀይ እስክሪብቶ ጽፌዋለሁ።

«ደርሻለሁ እኮ» አለችኝ በሹክሹክታ። «ሰርዢልኝ። እናቴ ብቻዋን ናት፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ ትንንሾቹን የሚያይላት የለም።»

«ስም ሲጠራ አልነበርሽማ።»

«ወንዙ ሞልቶ ነዋ! ወላሂ ጎህ ሳይቀድ ነው የተነሳሁት።»

«ሕግ ሕግ ነው» አልኳት።

አፍንጫዬን እንኳ በወጉ መናፈጥ የማልችል ልጅ ሕግ ሕግ ነው አልኩ! ማን ይሙት፣ ትርጉሙን እኔም አላውቀውም ነበር። ወረቀቱን ወስጄ ለዳይሬክተሩ ሰጠሁት። «ጎበዝ» ብሎ ራሴን ዳበሰኝ።

በገበያ ቀን እናቷ እትዬ ሐዋ ምስር ሊሸጡ ሲወጡ ታጣቂዎች ከገበያው መሐል ይዘው ወሰዷቸው። ከሌሎች ሁለት ወላጆች ጋር የእህል መጋዘን ውስጥ ሦስት ቀን ዘጉባቸው። ወንዙን ማሰር አይቻልማ! አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል እንዲህ ነው። ዘሃራ ወሬውን እንደሰማች ወደ አገሯ ሮጠች፤ ትንንሾቹን ማን ያብላ? ልጅቷ ከትምህርት እንዳትቀር ተብሎ እናቷ በታሰሩባቸው ሦስት ቀናት፣ ልጅቷ ሦስቱንም ቀን ቀረች። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሦስቱንም ቀን ጻፍኳት።

እትዬ ሐዋ እንደተፈቱ በቀጥታ ትምህርት ቤት መጡ። ሻሻቸው ላይ የገለባ ብናኝ ነበረበት። ዳይሬክተሩ ሊመክራቸው አፉን ሲከፍት እጃቸውን አንስተው አስቆሙት።

«ልጄን ሰው ትሁን ብዬ ላኩላችሁ፤ እናንተ በልጄ አሰራችሁኝ» አሉ ሳይጮኹ። «አንቱ ያን ወንዝ አንድ ቀን ስንቅ አዝለው ተሻግረውታል?»

«ሕጉ የወጣው እኮ ለልጅዎ ጥቅም ነው፣ እትዬ።»

«እንግዲያ ጥቅሙ ይቅርብን። አላህ ይስጣችሁ፤ በቅቷታል።»

ከዚያ ዘሃራ የተከራየችበት ክፍል ሄደው ብርድ ልብሷን ጠቀለሉ። ሲመለሱ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ አገኙኝና ትንሽ የጨርቅ ከረጢት እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። «ጓደኛዋ አንቺ ነሽ አይደል? ስታነሳሽ እሰማለሁ። ክፍሏ ውስጥ የቀረ ቆሎ ነው፤ አንቺ ብይው» አሉኝ። ዘሃራ ስሟን ማን እንደጻፈው አልነገረቻቸውም። ከረጢቱን አቅፌ ከአጥሩ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ከቆሎው ግን አንዲት ፍሬ አልቀመስኩም።

ዘሃራ ከዚያ በኋላ ሰኞም ማክሰኞም አልመጣችም። በዓመቱ ተዳረች ሲሉ ሰማሁ። ኮሚቴውም የቀሪው ቁጥር ቀነሰ ብሎ በኩራት ሪፖርት አቀረበ። እውነታቸውን ነው፤ ከመዝገብ የተሰረዘች ልጅ እንዴት አድርጋ ትቀራለች?

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔ የወጋሁት ነኝ፤ አልረሳሁትም። ከትምህርት መቅረት ወንጀል ነው አይደለም እያላችሁ ለምትከራከሩ፣ እኔ በዚህ ጉዳይ ያየሁት ወንጀል አንድ ብቻ ነው። እሱንም የሠራሁት አንድም ቀን ሳልቀር፣ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ነው።

በስብሰባው ላይ እጄን አውጥቼ፣ «የማዶው ድልድይስ?» ብዬ ጠየቅኩ።

«እሱ በሌላ መድረክ ይታያል፣ እናቴ» አለ ሰብሳቢው፣ ውሃውን እየተጎነጨ። «ይልቅ እርስዎ ጽሕፈትዎ ያምራል፤ የቀሪ መዝገቡን ይያዙልን።»

ቅጹን እፊቴ አኖሩት። ከላይ ስም፣ ምክንያት፣ ተጠያቂ ይላል። ስም በሚለው ሥር ዘሃራ ብዬ ጻፍኩ። ምክንያት፣ ወንዝ ሞልቶ። ተጠያቂ በሚለው ሥር የራሴን ስም ከነአባቴ ሞላሁና መለስኩለት። አንብቦ ግራ ገባው።

«ይቺ ተማሪ ስንተኛ ክፍል ናት?» አለኝ።

«ሰባተኛ» አልኩት። «አሁንም ሰባተኛ ናት።»