ፍሎፒ ላይ ያልገባው ኩሬ

ሰሞኑን ልጄ ስለምታስተምርበት ትምህርት ቤት የጻፈችውን ሰነድ በኢሜይል ልትልክ ብላ ኮምፒውተሩ «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» እያለ መለሰባት። ሻይዋ ቀዝቅዟል፤ እሷ የፎቶውን ጥግ በማውዝ ይዛ ወደ ውስጥ እየጎተተች ታሳንሳለች። «እሱ እኮ ለዓይን ነው ያነሰው፤ ክብደቱ እንዳለ ነው። ሰነዱ ውስጥ ከመክተትሽ በፊት ነው ማሳነስ» አልኳት። ይህን ማወቄ ገርሟት ዞር ብላ አየችኝ። እኔ ግን ፋይል ትልቅ ነው ሲባል በሰማሁ ቁጥር ቅቤ ይሸተኛል፤ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ባሌ ሮቤ ውስጥ የአንድ የመንግሥት ቢሮ ጸሐፊ ነበርኩ። ገና ወጣት ነኝ፤ ኮምፒውተር ፊት መቀመጤ ብቻውን ሰው ያስደንቅ ነበር። ጊዜው ክረምት ነው። ከሲናና በኩል የሚመጣው ነፋስ የእርጥብ ገብስ ሽታ ይዞ በመስኮት ይገባል፤ ጭቃው ደግሞ ጫማ ያስቀራል። አለቃችንን ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንለው፤ ስሙ ይቅር። መልከ መልካም ነበር፤ ችግሩ ይህንን እሱም ማወቁ ነው።

በቢሯችን አዲስ ሰነድ ከባዶ ገጽ አይጀመርም። ያለፈውን እንከፍታለን፣ ጽሑፉን እንደመስሳለን፣ በላዩ ላይ እንጽፋለን። ፎቶዎቹን ግን የሚነካ የለም፤ የጋሼ ናቸዋ! ሪባን ሲቆርጥ፣ ችግኝ ሲተክል፣ እንግዳ ሲጨብጥ፣ በየገጹ አናት ላይ እሱ አለ። ድስቱን ሳያጥቡ በላዩ ደጋግሞ እንደ መሥራት ነው። ሰነዱ በየወሩ ይወፍር ነበር።

ታዲያ አንድ የእርዳታ ድርጅት ለአንድ መንደር የውኃ ጉድጓድ ሊያስቆፍር ጎባ ባለው ቢሮው እኛ ለመንደሮቹ የምንጽፈውን ማመልከቻ መቀበል ጀመረ። የሚፈልገው አንድ ሰነድ በአንድ ፍሎፒ ነው፤ ሰዉ የሚጠጣው ውኃ ፎቶ አብሮ ይኑርበት፣ ቀኑም እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ነው ተባለ። ፍሎፒ ለማታውቁ፣ መዳፍ የምታክል ጥቁር ፕላስቲክ ናት፤ ዛሬ በስልክ የምናነሳትን አንዲት ፎቶ እንኳ አትችልም።

ዓርብ ጠዋት ከጎሮ ወዲያ ካለ መንደር አዴ ሙሚና መጡ። «አዴ» እዚያ እናት ማለት ነው፤ ጎረቤቶቻቸው ወክለው የላኳቸው ሴት ናቸው። የኩሬውን ፎቶዎች በሻሽ ጠቅልለው ይዘዋል። በአንዱ ላይ ላም ኩሬው መሐል ቆማ ትሸናለች፤ አጠገቧ ልጃገረድ ጀሪካን ትሞላለች። ከዚያው ውኃ ደግሞ በጠርሙስ ይዘው መጥተዋል፤ አረንጓዴ ነው፣ ውስጡ ቀጫጭን ቀይ ትሎች ይተራመሳሉ። ጋሼ አፍንጫውን ያዘ። «ኧረ ይሄን ከፊቴ አንሡልኝ!» አለ። አብረው ያመጡትን ጭኮ ግን አላስነሣም። ገብሱ በቅቤ ርሶ ያብረቀርቃል፤ እዚያው ቆሞ በጣቱ ይዝቅ ጀመር።

ፎቶዎቹን ስካን አድርጌ ሰነዱ ውስጥ ከተትኩና ወደ ፍሎፒው ስልከው «ዲስኩ ሞልቷል» አለኝ። ሁሉንም አወጣሁ፣ የጋሼንም የኩሬውንም አሳነስኩ፣ መልሼ ከተትኩ። እሰይ፣ ገባ! ልነሣ ስል ጋሼ ከኋላዬ መጥቶ ጎንበስ አለ።

«ይሄ ማነው?»

«እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ።»

«ፊቴን ምን አደረግሽው? ፈንጣጣ የወጣብኝ አስመሰልሽኝ እኮ!»

«እንዲገባ ብዬ ነው። ካልሆነ የእርስዎን አንዱን ብቻ በጥራቱ እንተውና ሌላውን እናውጣ።»

«የእኔን እንደነበረ መልሺው። ኩሬውን አውጪው። ባሌ ውስጥ ኩሬ ያላየ ማን አለ?»

«ፎቶ ከሌለው አንቀበልም ብለዋል!»

«ማን እንደላከው ሲያዩ ይቀበላሉ።»

አዴ ሙሚና በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ሆነው «ማል ጄዴ?» ብለው ምን እንዳለ ጠየቁኝ። በኦሮምኛ ነገርኳቸው። ተነሡና እሱ እንዲሰማ በአማርኛ፣ «ጌታዬ፣ የእርስዎ ፊት ጤነኛ ነው፤ አላህ ይጠብቀው። የታመመው ውኃችን ነው። እሱን ያሳዩልን» አሉት።

ሳቀ። «አዴ፣ ይሄ የኮምፒውተር ነገር ነው፤ አይገባዎትም» ብሎ እኔን በትከሻው ገፋ አድርጎ ማውዙን በዚያ በቅባታም እጁ ያዘ። የራሱን ፎቶዎች ካለፈው ሰነድ መለሰ፤ ኩሬውን አንድ በአንድ ደመሰሰ። ጣቱን እየላሰ ነው የሚደመስሰው! ቱ! ማውዙን በኋላ በሳሙና ብጠርገው፣ ብፈትገው፣ ያ ሽታ አልለቀቀኝም።

የእሱ ፎቶ ብቻ የገባበትን ፍሎፒ ይዘን ከአዴ ሙሚና ጋር በሚኒባስ ጎባ ሄድን። መንገዱን ሙሉ ፎቶዎቹን ደረታቸው ላይ እንደያዙ ነበሩ። ድርጅቱ ቢሮ ደርሰው የወረቀቱን ፎቶዎች ቢያሳዩ፣ ተቀባዩ «በፍሎፒው ላይ ያለውን ብቻ ነው የምናየው፣ እናቴ» አላቸው። መልሱ ሲመጣ የውኃው ፎቶ ስለሌለ ማመልከቻው ወድቋል ይላል። ጉድጓዱ ለሌላ መንደር ተቆፈረ። እነ አዴ ሙሚና ቧንቧ ያገኙት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ሴቶች ልጆቻቸው ከዚያ ኩሬ እየቀዱ አድገው፣ አግብተው ከወጡ በኋላ።

አምና ጎባ ሠርግ ቤት ከጋሼ ጋር ተገናኘን። አርጅቷል። እጄን ይዞ «ያ የጎሮው ውኃ ትዝ ይልሻል? ፍሎፒው አልችል ብሎ ቀረ እንጂ! የዛሬው ቴክኖሎጂ ያኔ ቢኖር» አለኝ።

«ፍሎፒውማ ይበቃ ነበር፣ ጋሼ። እርስዎ አልወጣ ብለው ነው።»

ከት ብሎ ሳቀና አጠገቡ ላለው ሰው «ጎበዝ ጸሐፊዬ ነበረች» ብሎ አስተዋወቀኝ። የቀረበልኝን ምግብ መብላት አቃተኝ፤ ወንበር ቀየርኩ።

ይህን ሁሉ ለልጄ ነገርኳት። ኮምፒውተር የሚያውቀው ከብዷል ማለትን ብቻ ነው፤ የሚወጣውን የሚመርጠው ሰው ነው። እሷ ፎቶዎቹን አሳንሳ ብትከትም አሁንም አልሄደላትም፤ ስክሪኑን ታያለች። ቀረብ ብዬ አየሁ። አንዱ ፎቶ ላይ ተማሪዎች ጣሪያው በሚያፈስ ክፍል ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሌላው ላይ ዳይሬክተሩ በከረባት በር ላይ ቆሟል።

«እማዬ፣ የእሱን ባወጣው ይቆጣል» አለችኝ ቀስ ብላ።

«ይቆጣ!» አልኳት።

ማውዙን ወደ ዳይሬክተሩ ፎቶ ወሰደችው።