ሰው አለበት እንዲባል

«አንቺ ጭሱን ለምደሽዋል፤ ገጠር አይከብድሽም» አለኝ አባቴ፣ የዓሣ እሾህ ከጥርሱ መሃል እያወጣ።

እሑድ ምሳ ላይ ነበር፣ አዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር ባለችው የቀበሌ ቤታችን ውስጥ። ዓሣው በጠዋት ከሐይቁ የመጣ ነው። ሁለቱ ወንድሞቼ ለመጨረሻው ቁራጭ ይሻማሉ፤ እናቴ ከትሪው ላይ ቀና አላለችም። እኔ በዚያው ሳምንት የታይፒስትነት ፈተና አልፌ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ሊቀጥረኝ ተስማምቶ ነበር። የቀረኝ ነገር ቢኖር ከቀበሌ የነዋሪነት ደብዳቤ ማምጣት ብቻ ነው። አባቴ ደግሞ ዓሣውን እየበላ ከቀበሌው ሊያሰርዘኝና የገጠር ነዋሪ ሊያደርገኝ እንደወሰነ ነገረኝ። ሲስቅ፣ ሲጸልይ፣ ከእናቴ ጋር ሲጨዋወት በሲዳምኛ ነው። ትእዛዝ ግን እንደ መሥሪያ ቤቱ በአማርኛ ነው የሚወጣው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ከተማ ቤት አለው፤ ገጠር ደግሞ የእናቱ እንሰት አለው። የመሬት አዋጁ ከወጣ ወዲህ ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ አይቻልም። ወይ የቀበሌ ነዋሪ ትሆናለህ፣ ወይ የገበሬ ማኅበር አባል ትሆናለህ፤ መሬቱ እዚያው ለሚኖርበት ነው። አያቴ በሕይወት ሳለች ችግር አልነበረም፣ እሷ ነበረችበት። ስትሞት ጎጆዋ ተዘጋ፤ የማኅበሩ ኮሚቴም ዓይኑን ጣለበት። እዚያ አገር ቤት ሰው ይኑርበት አይኑርበት የሚታወቀው በጣራው ነው። ከሣር ክዳኑ ውስጥ ጭስ ከወጣ ባለቤት አለው። ካልወጣ ወና ነው፤ ወና ደግሞ ለሌላ ይሰጣል።

ስለዚህ ጭስ የሚያወጣ ሰው ተፈለገ። ተፈልጎ የተገኘሁት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከመናኸሪያ አውቶቡስ እሳፈራለሁ። አስፋልቱ ዳር እወርድና ጭቃውን በእግሬ እወጣለሁ። የአያቴን በር ስከፍት አይጦቹ እንኳ አይደነግጡም፣ ለምደውኛል። እርጥብ እንጨት አነዳለሁ፣ እፍ እላለሁ፣ ዓይኔ እስኪጠፋ አለቅሳለሁ፤ ከዚያ ወጥቼ ጭሱ ከጣራው መውጣቱን አያለሁ። እሑድ ጠዋት እንደገና። ረፋዱ ላይ ወደ ከተማ፣ ለምሳ። ሰኞ ታይፕ ትምህርት ቤት ስገባ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ወንበሯን ሸሸት ታደርጋለች። አንዱ ቀልደኛ «አንቺ፣ ጭሰኛ በአዋጅ ቀርቷል ሲባል አልሰማሽም?» አለኝና ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ቤት ገብቼ ግን ፀጉሬን በልብስ ሳሙና አሸሁት፣ ራስ ቅሌ እስኪያቃጥለኝ።

አባቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር ስለ ገጠር የሚያወራውን ብትሰሙ ዕቃችሁን ጠቅልላችሁ ትሄዱ ነበር። እዚያ ወተቱን ውሃ አልነካውም ይላል። ሰው ሲያገኝህ ስለ ልጆችህ ጠይቆ፣ ስለ ላሞችህ ጠይቆ፣ ስለ ዝናቡ ጠይቆ ነው የሚያልፍህ ይላል። እዚያ ሰልፍ የለም፣ ስብሰባ የለም። ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ እሑዱ ባዶ ስለሆነበት ስብከቱን ሁሉ ለገጠር አደረገው። ስብሰባ የለም የሚለው ደግሞ ነጭ ውሸት ነው፤ እዚያም ስብሰባ አለ፣ ያውም እርጥብ ሣር ላይ ተቀምጦ። እሱ ራሱ ከአያቴ ለቅሶ ወዲህ አንድም ሌሊት አላደረበትም። ቁንጫው አያስተኛኝም ይላል። እኔን ቁንጫው ዘመድ ነው ብሎ የሚተወኝ ይመስል።

እኔ ከተማ እወዳለሁ። እንዲህ ስል ሰዎች ስለ ቀሚስና ስለ ሲኒማ የማወራ ይመስላቸዋል። እኔ የምወደው ቧንቧውን ነው። ግቢያችን ውስጥ ለሁሉም ቤት ያለው አንድ ቧንቧ ነው፤ ወረፋ አለው፣ ጠብ አለው፣ ባልዲ ለባልዲ መጋጨት አለው፤ ውሃው ግን ራሱ ይመጣል፣ ማንም በጀርባው አላዘለውም። ማታ ከታይፕ ስወጣ መብራት ያለበትን መንገድ እወዳለሁ። የጋሪ ፈረስ ደውሉን እያንቃጨለ ሲያልፍ እወዳለሁ። ከሁሉ በላይ የማያውቀኝ ሰው ሳያየኝ ሲያልፈኝ ደስ ይለኛል። ገጠር የማያውቅሽ ሰው የለም። የማን ልጅ እንደሆንሽ፣ ለማን እንደታሰብሽ፣ ድስት መጣድሽንና አለመጣድሽን ሳይቀር ያውቃል።

ድስቱን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ገጠር ጎረቤታችን አንዲት ሴትዮ ናት። አያቴ ከሞተች ወዲህ እንሰቱን የምትኮተኩተው፣ ሲደርስ የምትፍቀው፣ ቆጮውን በቅጠል ጠቅልላ ከተማ የምትልክልን እሷ ናት። አንድ ቅዳሜ በሩ ላይ ቆማ ስታየኝ ቆየችና ሳቀች። እሳት ታነጃለሽ፣ ምንም አትጥጂበትም አለችኝ፤ አገሩ ሁሉ ያውቃል፣ ልጆቼ እንኳ የከተማዋ ልጅ ጣራ ልታሞቅ መጣች ይሉሻል። ተናደድኩ። ግቢም አላልኳት። ሳልጋብዛት ገብታ ተቀመጠች፣ ጭቃ የያዘ እግሯን ወደ እሳቱ ዘረጋች። ሲፍቁ የሚውሉበት ቀን ወገብ እንዴት እንደሚያደርግ ነገረችኝ፤ ምንጩ ቁልቁለት ስለሆነ ውሃው የሚከብደው ሲመለሱ መሆኑን ነገረችኝ። ከዚያ የአዋሳው ውሃ እውነት ከግድግዳ ይወጣል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ይወጣል አልኳት። እሳቱን ቆሰቆሰች።

«ታዲያ አባትሽ አንቺን ወደዚህ ከሚያመላልስ እኔን ወደዚያ አይወስደኝም?»

እንግዲህ የዚያን እሑድ፣ ዓሣው ፊት፣ አባቴ የገበሬ ማኅበሩ ኮሚቴ በሚቀጥለው እሑድ ቤት ለቤት እንደሚዞር ነገረን። ያን ቀን ጎጆው ውስጥ እገኛለሁ፤ ነዋሪዋ እኔ ነኝ እላለሁ፤ ይመዘግቡኛል። እነሱ ከመዘገቡኝ ቀበሌው ይሰርዘኛል። ቀበሌው ከሰረዘኝ ደብዳቤ የለም፣ ሥራም የለም። ይህን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

ወንዶቹ አሉ፣ ከእነሱ አንዱን ይላኩ አልኩት። ወንድ ልጅ ምድጃ ላይ ተጎንብሶ እፍ ሲል ቢያዩት አገር ይስቅብናል አለ።

«እርስዎ ይሂዱ እንግዲያው። ገጠር የሚወዱት እርስዎ ነዎት።»

ወንድሞቼ መሻማታቸውን አቆሙ።

«እኔ ሥራ አለኝ።»

«እኔም አግኝቻለሁ።»

«ያንቺ ገና አልተወለደም» አለና እጁን ሊታጠብ ተነሳ።

እናቴ አስታጠበችው። በኋላ ሳህን ሳጥብ አጠገቤ ቆማ እሺ በይው አለችኝ፤ ተመዝገቢለት፣ ውሎ ሲያድር ይረሳል። የተመዘገበ ነገር ሲረሳ አይቼ አላውቅም። ሳህኑን አጠብኩ።

በሚቀጥለው እሑድ አባቴ አብሮኝ ሄደ። አመድማ ኮቱን ለብሶ፣ ጫማውን ወልውሎ፣ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ። ሁለት ጊዜ አንሸራተተውና ሁለቴም ትከሻዬን ያዘ። ቤቱ እንደደረስን እሳት አንድጂ አለኝ። አነደድኩ። እሱ ጭሱን ሸሽቶ በሩ ላይ ቆመ።

ኮሚቴው እኩለ ቀን ሳይሆን መጣ። ሊቀመንበሩ የዝናብ ኮት የለበሰ፣ ችኩል ሰው ነው፤ ሁለት ገበሬዎች ይከተሉታል። ጎረቤታችን ሴትዮም ሥራዋን ትታ አጥሩ ጋ ቆማለች። አባቴ ንግግር ጀመረ። ልጄ ከተማው ጫጫታው ሰለቸኝ ብላ እዚህ ገባች አለ። የአያቷ ደም ነው የጠራት አለ። ወተቱም አልቀረም። ቤት ለእንግዳ የሚያወራውን እንዳለ አወረደው። ሊቀመንበሩ እየሰማው አልነበረም፤ አንገቱን ወደ ውስጥ አስግጎ ምድጃውን ያያል።

«ምን ጥደሻል?» አለኝ በሲዳምኛ።

ጉልቻው ላይ ምንም የለም። እሳቱ ለራሱ ይነዳል። አባቴ አሁን ልትጥድ ነው ብሎ ቀደመኝ።

«እሷን ነው የጠየቅኩት፣ ጓድ። አንቺ፣ የምትኖሪው እዚህ ነው?»

አባቴ አየኝ። ቤት ሲቆጣ እንደሚያየኝ አልነበረም። ጎብጦ፣ ኮቱ ትከሻው ላይ ሰፍቶት፣ የሚለምን ሰው ይመስል ነበር። ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። ሳምንቱን ሁሉ በአማርኛ ሲያዝዘኝ ከርሞ አሁን በዓይኑ ይለምነኛል።

«አይደለም» አልኩ። «የምኖረው አዋሳ ነው። እዚህ የምመጣው ሰው አለበት እንዲባል እሳት ለማንደድ ነው።»

ማንም አልሳቀም። አጥሩ ጋ ያለችው ሴትዮ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ሊቀመንበሩ እንዳልተገረመ ያስታውቃል፤ ሲያውቀው የኖረውን ነገር ከአፌ ሰማ እንጂ። ቤቱና እንሰቱ ለሚኖርበት እንደሚሰጥ፣ የሚኖርበት ሰው አለን ካልን ግን ዛሬውኑ አገሩን ዞሮ ሳይጨርስ እንድንነግረው ለአባቴ ተናግሮ፣ እንሰቱን ሊያይ ወደ ጓሮ ዞረ። ገበሬዎቹ ተከተሉት።

አባቴ ወደ ውስጥ ገባ። የአያቴ መቃብር ከበሩ ፊት ለፊት ነው፤ እንጨት የታጠረበት፣ ሣር የበቀለበት። እሱን እያየ፣ ፊቱን ወደ እኔ ሳያዞር፣ በሲዳምኛ ተናገረኝ። በእናቱ ቋንቋ ሲቆጣኝ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«እናቴን ለባዕድ ሰጠሽብኝ።»

«ይኑሩላታ፣ አባባ» አልኩት በአማርኛ። «አሁን ጓሮ ናቸው። እኔ ነኝ የምኖረው ይበሏቸው።»

ማገዶው ነዶ ነዶ ፍም ሆኗል፤ ጭሱ እየሳሳ ነው። ከጓሮ የሊቀመንበሩ ድምፅ ይሰማል፣ የእንሰቱን ግንዶች ሲቆጥር። አባቴ ጣራውን አየ፣ ምድጃውን አየ። ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ ተንበረከከ፤ እርጥቡን እንጨት ወደ ፍሙ ገፋና ጉንጩን መሬት አስጠግቶ እፍ ማለት ጀመረ። ሳለ። እንደገና እፍ አለ።

ጫማዬን ከደጃፉ አነሳሁ። መቃብሩን በጎን አልፌ፣ አጥሩ ጋ የቆመችው ሴትዮ መንገድ ስትለቅልኝ፣ ወደ አስፋልቱ የሚያወርደውን ቁልቁለት ያዝኩ።