ለይኩንና ቀላሉ ዝንብ

ለይኩን ሰው አያምንም። ይህን የምለው ልቦጭቀው ፈልጌ አይደለም፤ ሽንፋ ውስጥ የሚያውቀው ሁሉ የሚለው ነው። ሚስቱ ባንቺአየሁ እንኳ «ወጡን ፊቱ ሳልቀምስ ካቀረብኩለት አይጎርስም» ትላለች። ስትቀልድ ይሁን ከምሯ እስካሁን አልገባኝም።

ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም ወደ አብደራፊ የወረደው ገና ጎረምሳ ሳለ ነው። ከማሳ ወደ መጋዘን ገባ። እዚያ ሰሊጥ የሚገዛ ሰው የጆንያውን አፍ ብቻ አይቶ አይገዛም፤ ሹል ብረት ከጎን ሰክቶ ከመሀል ናሙና ያወጣል። ላዩ ንጹሕ፣ መሀሉ አፈር የሆነ ጆንያ ሞልቷላ! ለይኩን በዚያ ብረት ጆንያ ሲወጋ ዓመታት ኖረ። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ሥራውን ሲተው ብረቱን አልተወውም። ሰውንም በዚያው ነው የሚወጋው።

ሥራውን የተወው ወዶ አይደለም። መኪና ሲጭኑ ጆንያ ወገቡ ላይ ወደቀበትና ሸክም እርም ሆነበት። ሽንፋ መጥቶ ወንዙ ዳር በትል ማጥመድ ጀመረ። በትል የሚመጣለት ግን አብዛኛውን ጊዜ አምባዛ ነው፤ ቅርፊት የሌለውን ዓሣ ደግሞ የሰፈራችን ክርስቲያን አይነካውም። የሚሸጠው ባለ ቅርፊቱ፣ ነጭ ዓሣና ቆሮሶው ነው። ዘንድሮ ወንዙ ካላኖረው ደጋ ተመልሶ የወንድሙ ጥገኛ ሊሆን ነው። ያን ከማይ ሞቴን ያርገው ይል ነበር።

ጋሽ አብዱረሕማን የመጡት በዚህ መሀል ነው። ካርቱም ውስጥ ፈረንጆችን በጀልባ ዓሣ ከሚያስጠምድ ሰው ዘንድ ሲሠሩ ኖረው፣ ጦርነቱ ሲነሳ በመተማ በኩል ገቡ። መንጠቆ ላይ ላባና ጠጉር በክር እየጠመጠሙ ነፍሳት የሚመስል ነገር ይሠራሉ፤ «ዝንብ» ነው የሚሉት። ትል የለ፣ ሊጥ የለ፤ በዚያ የጠጉር ብጥስጣሽ ነጭ ዓሣ ሲያወጡ ለይኩን በዓይኑ አየ። እሱ ሳይለምናቸው «ና ላስተምርህ» አሉት፤ ያውም በነጻ። መጠርጠር የጀመረው ያኔውኑ ነው።

የመጀመሪያ ቀን ቀላል ቀላሉን መረጡለት። አንዱ ጥቁር ሱፍ ክር መንጠቆው ላይ መጠምጠም ብቻ ነው። ሌላው የፍየል ጭራ ጠጉር ቆንጥሮ ከመንጠቆው አንገት ማሰር ነው።

«ክንፍ ያለውን አትንካ» አሉት። «ክንፍ ጀማሪን ያናድዳል። መንጠቆው ተለቅ፣ ክሩ ወፈር ይበል። ሹዋያ ሹዋያ፣ ቀስ በቀስ ነው።»

የለይኩን ዓይን ግን የቆርቆሮ ሣጥናቸው ላይ ነበር። ውስጡ ቀይና ሰማያዊ ክንፍ ያላቸው፣ የሚያብረቀርቁ ዝንቦች ተደርድረዋል።

«እነዚያሳ?»

«እነሱ ይቆዩ» አሉና ክዳኑን ዘጉት።

ቤቱ ሲገባ «ዋናውን ደብቀው የልጅ መጫወቻ ሰጡኝ» አላት ባንቺአየሁን።

«ምነው፣ ዛሬ በጥቁሩ ቆሮሶ ይዘህ መጥተህ የለም እንዴ?»

«እሱ ማዘናጊያ ነው!»

ከዚያ በኋላ የሚያየው ሁሉ ጥርጣሬውን ያብስበት ጀመር። ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ በሚጠፋበት ቀትር ሽማግሌው ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ያስራሉ። ክር በመንጠቆው ቀዳዳ ማስገባት ሲመጣ «አንተ አስገባው፣ ትለምዳለህ» ይላሉ። ፊታቸው የተቀመጠውን መቀስ «አቀብለኝ» ይላሉ። «ተላላኪ አደረጉኝ» እያለ አደባባይ ላይ ሲያማቸው ሰምቼዋለሁ። ዝም በል ብዬው ቢሆን ኖሮ እኔንም ከእሳቸው ጋር ይደምረኝ ነበር።

አንድ ማለዳ፣ ሽማግሌው አዲስ ያሰሩትን ዝንብ ቤቱ ወስዶ በምላጭ ፈታው። ላዩን ጠጉሩ ያማረ ነው። ከሥሩ ግን ክሩ የተወሳሰበ፣ አንዱ ጋ የተቆለለ፣ ሌላው ጋ ባዶ። የራሱን አጠገቡ አስቀምጦ አየ። የጀማሪው ይሻላል! «ሆን ብለው አበላሽተው ነው የሚያሳዩኝ!» አለ። ጫማውን እንኳ በቅጡ ሳያጠልቅ ሄደባቸው።

«ጋሽ አብዱረሕማን፣ እኔን የሚያታልሉኝ ምን አድርጌዎት ነው?» ብሎ የፈታውን ምንጣፉ ላይ ወረወረው።

ሽማግሌው ምንጣፉን ዳሰሱ። እጃቸው መንጠቆውን አልፎ ሄደ፤ ተመልሶም ሳተው። ሲያገኙት በጣታቸው አሹት።

«ፈታኸው?»

«ፈታሁት! ላዩ ሰሊጥ፣ መሀሉ አፈር!»

«መጥፎ ነው እንዴ?» አሉ ቀስ ብለው። «ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ እኔ እኮ በደንብ ያሰርኩት መስሎኝ ነበር።»

ለይኩን እንኳንስ ያን ጊዜ፣ ቁርባን ላይም ቢሆን ይጠራጠራል። ቀይ ክር አንስቶ ፊታቸው ዘረጋ።

«ይኼ ምን ዓይነት ቀለም ነው?»

«ጥቁር» አሉ፣ ምንም ሳያመነቱ።

ለይኩን አፈረ። ይህን ራሱ ነው የነገረኝ፤ ሲነግረኝም ቀና ብሎ አላየኝም።

«ዓይኔ ገና ካርቱም ሳለሁ ነው የደከመው» አሉት። «ያገሩን ሰው እንዲህ ሆኜ ነው የመጣሁት ማለት ከበደኝ። ቀላሉን የመረጥኩልህ እጄ ያለ ዓይን የሚችለው እሱ ብቻ ስለቀረ ነው። ክንፉ እንዴት እንደሚታሰር ማሳየት አልችልም።»

ከዚያ ሣጥኑን ከፍተው እየዳሰሱ ክንፍ ያለው አንድ ዝንብ አወጡ።

«እንካ፣ ይህንን ፍታው። የምታየውን እየነገርከኝ አስተምርሃለሁ። ያልከኝን አምናለሁ፤ ሌላ ምን አለኝ?»

አምንሃለሁ ያለው ሰው እስከዚያን ቀን አልገጠመውም። ምላጩን አውጥቶ ክሩን አንድ ዙር ፈታ።

«ከክንፉ ሥር ክሩ ተሻግሯል ወይስ ቀጥ ብሎ ነው የሄደው?» ብለው ጠየቁት።

ሊመልስ አፉን ከፈተ። ከዚያ ተወውና ዝንቡን ወደ ብርሃኑ ይዞ ደግሞ አየው።