የሩፋኤል ዕለት ውኃ

እናቴ ያን ውኃ ስትጠጣ ምን እንደሆነ ታውቅ ነበር? ዓመቱ ባለቀ ቁጥር ይህን እጠይቃለሁ። መልሱን ያገኘሁ የሚመስለኝ ቀን አለ። ግን ታውቅ ከነበረም፣ አታውቅ ከነበረም፣ ለእኔ የሚቀል የለውም።

የዓመት መጨረሻ ለእኔ የቴአትር ወቅት ነበር። በምሠራበት የሸዋ ሮቢት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ነሐሴ ሲያልቅ መጻሕፍቱን ቆጥሬ እዘጋና በጳጉሜን አዲስ አበባ እወጣለሁ። አንድ ቀን ቴአትር፣ አንድ ቀን መጫወቻ ፓርክ። ያየሁትን በደብተር እጽፋለሁ፦ መጋረጃው ስንት ደቂቃ ዘገየ፣ የትኛው ተዋናይ ቃሉን ዘለለ፣ የትኛዋ ባዶ ኩባያ አንሥታ ሻይ የሌለበት መሆኑን አሳበቀች። ለባዶ ኩባያ ይቅርታ የለኝም። ውኃ ክብደት አለው፤ እጅ ያንን ማሳየት አለበት።

ትምህርት የጀመርኩት በሃያ ሦስት ዓመቴ፣ በማታ ክፍል ነው። ከዚያ በፊት እዚያው ሸዋ ሮቢት ዙሪያ፣ ቀወት ገጠር ውስጥ፣ በማሽላችን መካከል በቆመው ማማ ላይ ወፍ ስጠብቅ ነው ያደግሁት። ወንጭፉ እጄ ላይ፣ ዓይኔ ግን የደሴ መንገድ ላይ ነበር። የፓርኩ ትልቁ ሽክርክሪት ላይ መጀመሪያ የወጣሁ ቀን ትዝ ያለኝ ማማው ነው። ያው ከፍታ፣ ያው ነፋስ፤ የሚባረር ወፍ ብቻ የለም። አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገርኩም።

እናቴን ይህ ነገሬ ይገርማት ነበር። "ሰው ሲያለቅስ ለማየት ያን ሁሉ መንገድ?" ትለኛለች። "እዚህ ሸዋ ሮቢት ለቅሶ መች ጠፋ? የእኛው ደግሞ ንፍሮ አለው።" ስለ ሽክርክሪቱ ስትሰማም፣ "በሬ እንኳ አውድማ ላይ ሲዞር እህል ያበራያል። አንቺ ዞረሽ ዞረሽ ምን ይዘሽ መጣሽ?" አለችኝ። የእናቴ የልብ ወዳጅ የሆኑት ሙስሊሟ ጎረቤታችን ይሰሙና፣ "ተያት እባክሽ፣ እግሯ ይፍታታላት" ይላሉ። እትዬ ነው የምላቸው።

እኔም ስቄ አልፋለሁ። ያየሁትን ግን አንድም ቀን ተቀምጬ አልነገርኳትም። አይገባትም ብዬ ነበር። ዘግይቶ የተማረ ሰው እንዲህ ያለ ትዕቢት አያጣም።

የመጨረሻው ዓመት ላይ ልቧ ደከመ፤ እግሯ አበጠ። ሐኪም በቀን ሁለቴ የሚዋጥ ክኒን አዘዘላት፤ ትወስድም ነበር። እኔ መንገዱ አስጊ ሆኖ ሁለት ዓመት ከቀረሁ በኋላ ልሄድ ሻንጣዬን ስዘጋ፣ ትንሽ ቢጫ ጀሪካን አምጥታ ከጎኑ አስቀመጠች።

"ለሩፋኤል እዚያው ነሽ አይደል? ጠበሉን ቅጂልኝ።"

"እሺ እማዬ።"

"ከምንጩ ነው፤ ከበርሜል እንዳትቀጂ።"

"እሺ አልኩ እኮ።"

ቤተ ክርስቲያኑን አውቀዋለሁ። ከከተማው ዳር ነው፤ ሁለት ታክሲ ይያዛል፤ በዚያ ዕለት ሰልፉ አይጣል ነው። ጳጉሜን ሦስት ጠዋት ወደዚያው ስሄድ በፓርኩ በር አለፍኩ። ባለፈው ስመጣ ተበላሽቶ የነበረው ሽክርክሪት ይዞራል። አንድ ዙር ብቻ ብዬ ጀሪካኑን ታቅፌ ወጣሁ። ጫፍ ላይ ስደርስ መብራት ጠፋ፤ ዝናቡም ጀመረ። ሠራተኛው ከታች ሆኖ፣ "አትንቀሳቀሱ፣ አሁን ጄኔሬተሩ ይነሣል" እያለ ይጮኻል። ጄኔሬተሩ ሲነሣና እኔ ስወርድ ስድስት ሰዓት አልፏል። ቴአትሩ ዘጠኝ ሰዓት ይጀምራል። ለሁለቱም መድረስ አልችልም።

ነገ ማለዳ እቀዳለሁ ብዬ ራሴን አታለልኩ። አውቶቡሱ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት እንደሚነሣ አውቅ ነበር። ባዶውን ጀሪካን እግሬ ሥር አድርጌ ቴአትሩን እስከ መጨረሻው አየሁ። በማግሥቱ ካደርኩበት ፔንሲዮን ከመውጣቴ በፊት ቧንቧውን ከፍቼ ሞላሁት። ክዳኑን አጠበቅኩ፤ ዙሪያውን በፎጣ ጠረግሁት።

እናቴ ጀሪካኑን በሁለት እጇ ተቀብላ ተሳለመችው። በኩባያ ቀዳች፣ አማተበች፣ ጠጣች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

"ታዲያ፣ ጥሩ ነበር?"

"ጥሩ ነበር" አልኳት።

ጠበል ጥሩ ነበር ወይ ተብሎ አይጠየቅም፤ ቴአትር ነው እንጂ። ይህ የታሰበኝ ግን ከቀብሯ በኋላ ነው።

ከጠበል ጋር ክኒን አይወሰድም ብላ ሰባት ቀን ተወችው። ሰባቱንም ጠዋት ቆሜ አየሁ። "እማዬ፣ ክኒኑን ውሰጂ" አልኳት። ሐኪሙ ያለውን ደገምኩላት። ማለት የነበረብኝ ግን ሌላ ነበር፦ የቧንቧ ውኃ ነው። ሦስት ቃል። በስምንተኛው ቀን መተንፈስ አቃታት። ሆስፒታል አደረስናት፤ ደመራ ሳይደርስ ቀበርናት። ሐኪሙ ልቧ ቀድሞውንም እጅግ ተዳክሞ ነበር አለ። ምን ያህሉ የልቧ፣ ምን ያህሉ የእኔ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ ሲዞር እፍኝ ያዝኩና ሳልቀምሰው መለስኩት።

በዓመቱ አዲስ አበባ አልሄድኩም። በሩፋኤል ዕለት ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለ፤ የሠፈሩ ልጆች ልብሳቸውን አውልቀው ይጠመቁበታል። እትዬ ደጃፋቸው ላይ ሆነው ያዩአቸዋል። አጠገባቸው ተቀመጥኩና ነገርኳቸው፤ ከጀሪካኑ እስከ ስምንተኛው ቀን፣ ሳልዘል።

በአገጫቸው ወደ ልጆቹ አመለከቱ። "በዚህ ቀን ዝናቡም ጠበል ነው ትሉ የለም እንዴ እናንተ?"

"ከቧንቧ ነው የቀዳሁት፣ እትዬ።"

"ለንስሐ አባትሽ ንገሪያ።"

"እርሳቸውማ ወዲያው ይፈቱኛል።"

ዞር ብለው አዩኝ። "ወላሂ፣ አንቺስ ከባድ ሰው ነሽ።"

"ታውቅ ነበር ይሆን?"

"አላህ ነው የሚያውቀው። እኔን ግን ትጠይቀኝ ነበር፤ 'ይህች ልጅ እዚያ ምን አይታ ነው የምትመጣው?' ትለኝ ነበር። እኔስ በምን ልወቅ?" ሻሻቸውን አስተካከሉ። "እስቲ ያን ዕለት ምን አየሽ?"

"አንዲት ሴት መስኮት ከፍታ ትቆማለች" ብዬ ጀመርኩ።

"አሮጊት ናት?"

"የእርስዎ እኩያ።"

"እህ፣ እሺ።"

ዝናቡ አባርቶ ልጆቹ ወደየቤታቸው ገቡ። እኔ ገና የቴአትሩን የመጀመሪያ ገቢር አልጨረስኩም ነበር።